ለሙታን ማደሪያ የምንሰጠው ስም



ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከቦሌ በስተምሥራቅ በሚገኝ አንድ ደብር የመቃብሩ ቦታ ስለ ጠበበ የቆዩ መቃብሮች ሲነሡ፣ ከእኛ ስምንታችን ለጉልበት ሥራ ተልከን ነበር። የብዙዎቹን አጽም ቤተ ዘመድ እየመጣ ተረከበ። ለዐሥራ አንዱ ግን ማንም አልመጣም። ሥራውን የሚመሩት ሰው እነዚህን በየሣጥኑ አድርገን ከላይ «ባለቤት የሌለው» ብለን እንድንጽፍ አዘዙን፤ እኛም ጻፍን። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ስንደርስ፣ የባላቸውን አጽም ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ሰው ዕቃ ነው እንዴ ባለቤት የሚፈለግለት?» አሉን። ብሩሹን እንደያዝን ቀረን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተከራከርንበት ጥያቄ ይህ ነው። ሙት አይሰማም፤ ታዲያ ማደሪያውን በምንም ስም ብንጠራው ምን ይጎድልበታል?

ምንም አይጎድልበትም ያሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ስናያቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሆነው አላገኘናቸውም። «መቃብር» ከግዕዙ «ቀበረ» የወጣ ነው፤ የሚናገረውም የቀባሪውን ሥራ እንጂ የሟቹን ነገር አይደለም። «ማረፊያ» ግን ስለ ሟቹ ይናገራል፤ ደክሞ ነበር፣ ዐረፈ ይላል። የጥንት ክርስቲያኖች በግሪክ ቋንቋ የመቃብራቸውን ቦታ መኝታ ቤት ብለው ይጠሩት ነበር፤ አውሮፓውያን ዛሬ ለመካነ መቃብር የሚሉት ቃል ከዚያው የመጣ ነው። መኝታ የሚነጠፈው ደግሞ ለሚነሣ ሰው ነው። የከተማችን «ፉካ» በግድግዳ ውስጥ የሚተው ክፍተት ማለት ነውና፣ ስለ ቀባሪም ስለ ተቀባሪም አይናገርም። ፉካን መናቃችን አይደለም፤ አዲስ አበባ መሬት አጥሯታል። ግን በቀብር ላይ «ዘላለማዊ ማረፊያው» ተብሎ ሲነገር፣ ደረሰኙ ላይ የዓመት ልክ ተጽፎ ሲታይ፣ ከሁለቱ አንዱ እውነት አይደለም።

አጽም መነሣቱን ግን ኃጢአት ነው አንልም። የዮሴፍ አጽም ከግብፅ ወጥቶ ምድረ በዳውን ሁሉ ከሕዝቡ ጋር ተጉዞ በሴኬም ተቀብሯል። በዚያ ሁሉ ጉዞ ግን የዮሴፍ አጽም ሲባል ኖረ እንጂ ስሙ አልወደቀም።

ስም ሲወድቅ ምን እንደሚሆን በአገራችን ምድር ላይ ተጽፏል። በመንዝና በአካባቢው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ሙታን የተቀበሩባቸው የድንጋይና የአፈር ጉብታዎች አሉ። ተመራማሪዎች ቢቆፍሯቸው አጽም ከነሸክላው ከነጨሌው አገኙ፤ ሕዝቡ ራሱን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበረ ግን ስለማይታወቅ፣ እነርሱው ባወጡለት ስም «የሻይ ባህል» ይሉታል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጢያው ትክል ድንጋይ ደግሞ ይብሳል። 36 ድንጋዮች ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ሥራቸው መቃብር ነው። ሕዝቡ ግን «የግራኝ ድንጋይ» ብሎ ሲጠራቸው ኖሯል፤ ግራኝ ሳይወለድ ከተተከሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ሳለ! ሟቾቹ ስማቸው ቢጠፋ የሌላ ሰው ስም መጥቶ ተቀመጠባቸው።

የዚህን ግልባጭ ያየነው በእኛው ሰፈር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ዐለቁ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን የቀብር ሥርዓት ሲፈጸም በሣጥኖቹ ውስጥ አስከሬን አልነበረም፤ ገና አልተለየም ነበርና። ለቤተሰቦች የተሰጠው ከአደጋው ስፍራ የተነሣ የተቃጠለ አፈር ነው። ሆኖም እናቶች ሣጥኑን በየልጃቸው ስም እየጠሩ አለቀሱ፤ ማንም «ባዶ ነው» ብሎ አልከለከላቸውም። እዚያ ስም ነበረ፣ አጽም አልነበረም። በእኛ እጅ አጽም ነበረ፣ ስም አልነበረም። መቃብር ያገኘው የትኛው ነው ብንባል፣ አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን እንላለን።

ይህም ለሐዘንተኛው ማጽናኛ ብቻ እንዳይመስለን። ካህኑ ፍትሐት ሲያደርስ የሟቹን የክርስትና ስም ጠርቶ ነው። የእነዚያን ዐሥራ አንድ ሰዎች የክርስትና ስም አንድ ቀን አንድ ካህን ጠርቶታል፤ እኛ ደግሞ በዚያ ላይ «ባለቤት የሌለው» ብለን ቀለም ቀባንበት።

ጽሑፉን በምላጭ ፍቀን አነሣነው። በምትኩ ምን ይጻፍ የሚለው ግን እስካሁን አላስማማንም። አንዱ ወንድማችን «እንግዳ» ይባል አለ፤ በወንጌል የሸክላ ሠሪው መሬት ለእንግዶች መቃብር መገዛቱን አስታውሶ፣ እንግዳ ከሆነ ተቀባይ አለው ማለት ነው ብሎ። ቃሉ ደስ ብሎናል። አንዲት እኅታችን ግን አልተቀበለችውም። ሰዎቹ እዚሁ ሰፈር ኖረው፣ እዚሁ እድር ከፍለው የሞቱ ናቸው፤ እንግዳ ያደረግናቸው ሳንፈልጋቸው ነው አለች። ለዚህ መልስ አጣን።

ስለዚህ ሣጥኖቹ ምንም ሳይጻፍባቸው በዕቃ ቤቱ ተቀምጠዋል፤ እኛም በየእድሩ የቆየ መዝገብ እያገላበጥን ነው። ከዐሥራ አንዱ የሁለቱ ስም ተገኝቷል፤ አንደኛው ወፍጮ ቤት ይሠሩ የነበሩ አባት ናቸው። ከገርጂ እስከ የረር በር ባሉት ሰፈሮች የድሮ የእድር መዝገብ በቤቱ ያለ፣ ወይም የሚያስታውሱ አዛውንት የሚያውቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመዝሙር ክፍሉ ደጃፍ ያገኘናል።