የእናት ዕረፍት፦ ሐቅ ወይስ ችሮታ?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ እናት ክብር ያልተነገረበት ሚንበር የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልካም ሊዋልለት የሚገባው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ሦስት ጊዜ እናትን አስቀድመው፣ አባትን በአራተኛ ደረጃ መጥቀሳቸውን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ይሁንና ይህን ሐዲስ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቤት ያለችው እናት ከሱብሒ በፊት ተነሥታ ከዒሻእ በኋላም አረፍ ሳትል ታመሻለች። ክብሯ በአንደበታችን፣ ሸክሙ በጀርባዋ ላይ ቀርቷል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ሙስሊም እህቶች እናቶች ለጥቂት ቀናት ከቤት ወጣ ብለው የሚያርፉበት፣ ቁርኣን የሚቀሩበትና ጭንቀታቸውን የሚካፈሉበት ቆይታ ያዘጋጃሉ። ይህ ሲነሣ «የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ እንደዚያ ነውን? የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች ከእርሳቸው ኅልፈት በኋላ ኢዕቲካፍ ይገቡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እርግጥ ኢዕቲካፍ ዒባዳ እንጂ ሽርሽር አይደለም። ነገር ግን ከዕለት ሩጫ ገለል ብሎ ልብን ማደስ ለሴትም የተፈቀደ መሆኑን ያሳየናል። ቀን እየጾመ ሌሊት እየሰገደ ራሱንና ባለቤቱን የዘነጋውን አቡ ደርዳእን፣ ሰልማን አል-ፋሪሲ ነፍስም ቤተሰብም ሐቅ እንዳላቸው አስታውሶታል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ንግግር አጽድቀዋል። ነፍስ ሐቅ ካላት የእናት ነፍስ በምን ተለየች?

አንዳንድ ወንድሞች የፋጢማን (ረ.ዐ.) ታሪክ በማስረጃነት ያቀርባሉ። ፋጢማ እጃቸው በወፍጮ ተጎድቶ አገልጋይ ሲጠይቁ፣ አባታቸው ሲተኙ 33 ጊዜ ሱብሐነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ አስተምረዋቸዋል። እውነት ነው። ግን ልብ እንበል! ትምህርቱ የተሰጠው ለፋጢማ ብቻ ሳይሆን ለዐሊም (ረ.ዐ.) ጭምር ነው። ፋጢማም ደከመኝ በማለታቸው አልተወቀሱም። ያንን ዚክር ያስተማሩት ነቢይ ደግሞ እቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ ሶላት ሲደርስ ይወጡ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ዚክሩን ለሚስት፣ ሶፋውን ለራስ ማድረግ ግን ከየት የመጣ ሱና ነው?

የረመዳንን ወር እንመልከት። በብዙዎቻችን ቤት እናት ከዐስር ጀምሮ ሾርባና ሳምቡሳ ስትል አዛን ይደርስባታል። እኛ አፍጥረን ወደ ተራዊሕ ስንሮጥ እርሷ ከዕቃ አጠባው ጋር ትቀራለች። ለሱሑር ቀድማ የምትነሣውም እርሷው ናት። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቲቱ አዝነው ሶላታቸውን ያሳጠሩ ነቢይ ኡመት ነን እያልን የእናትን ወር የማድ ቤት ወር አደረግነው።

ባህላችን ስለ ዕረፍት አያውቅም ማለት አይደለም። አራስ ገንፎ ይቀርብላታል፣ ጎረቤት ይሰበሰብላታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላስ? አላህ በሱረቱ ሉቅማን በድካም ላይ ድካም ብሎ የገለጸው ሸክም በአርባ ቀን አያበቃም፤ ጡት ማስጣሉን እንኳ ሁለት ዓመት ነው ያለው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ዕረፍት የግድ ሆቴልና ሐይቅ ዳር አይፈልግም። አባት በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጆቹን ይረከብ፤ «ልርዳሽ» እያለ ሳይሆን የራሱ ሥራ መሆኑን አምኖ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ለእህቶች ንጹሕና ሰፊ ቦታ፣ ከጎኑም ልጆች የሚጠበቁበት ክፍል ያዘጋጁ። እህቶችም የሐረር ሴቶች በአፎቻቸው በሠርግና በሐዘን እንደሚደጋገፉት ሁሉ፣ በየሰፈራቸው ተራ ገብተው አንዷ የሌላዋን ልጆች ይዛ ታሳርፋት። አቅም ያለው ደግሞ ባለቤቱን ወይም እናቱን ለጥቂት ቀናት ወደ ዘመድ ይላካት፤ ስትመለስም የተከመረ ዕቃ አይጠብቃት።

የደከመች እናት ከምታሳድገው ልጅ ትዕግሥትን፣ ርኅራኄንና ዲንን መጠበቅ ከደረቀ ጉድጓድ ውሃ እንደመቅዳት ነው። ጀነትን ከእናቶቻችን ዘንድ የምንፈልግ ከሆነ ዛሬ ማታ ከገበታው ቀድመን እንነሣና ሳህኑን እንሰብስብ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእናቶቻችን ዐፊያን፣ ለእኛም ሐቃቸውን የምንወጣበትን ተውፊቅ ይስጠን። አሚን።