አይተሽ ሣዪ

ልጄ፣ ሥዕሎችሽን ስላሳየሽኝ እግዜር ይስጥሽ። እጅሽ የተባረከ ነው። ቀለሙንም ታውቂበታለሽ። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በሁሉም ላይ ያቺው ባለ ሹሩባ ልጅ፣ ያው ጀበና፣ ያው ትልልቅ ዓይን። ለምን ብዬ ብጠይቅሽ «ሰው የሚወደው ይህን ነው፤ የሚሸጠውም ይኸው ነው» አልሽኝ።

መሸጡን አልጠላም። ሠዓሊም መብላት አለበት። የምፈራው ልማዱን ነው። እጅ በቃሉ መሣል ሲለምድ ዓይን ማየቱን ይተዋል። ይህ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ አይታወቅሽም።

የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ልማድ ነበራቸው ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ጻድቁን ፊት ለፊት ከሁለት ዓይኑ ጋር፣ ክፉውን በጎን ባንድ ዓይኑ ይሥሉ ነበር። የእነርሱ ልማድ ግን ሥራ ነበረው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ግድግዳውን አይታ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ትለያለች። ሥዕሉ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ የሚነግረውም ሰው ነበረው። ያንቺ ጀበና ለማን፣ ምን ይነግራል? አስቢበት።

ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ታውቂዋለሽ። አባቱ ብራና ላይ የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እርሱ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ ሰው ያልለመደውን ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ያለው ብዙ ነው። እርሱ ግን አልተወውም። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕሉን ፈልገሽ እዪ። ታሪኩ አባቶቹ ሲሥሉት የኖሩት ስቅለት ነው፤ ያየበት ዓይን ግን የራሱ ነው። ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ማዕከል አለ፤ ሂጂና ሥራዎቹ ፊት ቁሚ። ስልክሽን ከቦርሳሽ አታውጪ። ትርጉሙን ማንንም አትጠይቂ፤ መጀመሪያ ዝም ብለሽ እዪ። አይተሽ ስትጠግቢ ያኔ ትጠይቂያለሽ።

ከዚያ ቤትሽ ገብተሽ የእናትሽን እጅ ሣዪ። ቡና ስትቆላ፣ እዚያው አጠገቧ ተቀምጠሽ። በማግስቱም ያንኑ እጅ ሣዪ። ይሰለችሻል፤ አውቃለሁ። አትተዪው። ከተሰላቸሽ በኋላ ነው አብረሽው ኖረሽ ያላየሽው ነገር ብቅ የሚለው፤ ጣቷ የጎበጠበት፣ እሳት የነካው ቆዳ። ይህን ማድረግ አያቅትሽም፤ ስለማውቅሽ ነው የምልሽ።

ከሰዓት በኋላ ለገበያው ሥሪ፤ አልከለክልሽም። ጠዋት ጠዋቱን ግን ለዚህ አቆዪልኝ።