ስለ ፊትና ስለ ኋላ

አንደበት የለመደውን ቃል ልብ ብዙ ጊዜ ሳይመረምረው ያልፋል። ከእነዚህም ቃላት አንዱ «ኋላ» ነው። እንግሊዞች «ባክ» በሚሉት ቃል ጀርባን፥ መመለስን፥ ያለፈውንም ዘመን ይናገሩበታል። በእኛ ቋንቋ ግን «ከኋላ» ማለት ከጀርባ ሲሆን «በኋላ» ማለት ገና የሚመጣው ጊዜ ነው፤ «ከፊት» ማለት ዓይን የሚያየው ስፍራ ሲሆን «በፊት» ማለት ያለፈው ነው። የግእዙም «ቅድመ»ና «ድኅረ» እንደዚሁ ስፍራንም ጊዜንም ይገልጣሉ።

ያለፈው ስለ ታወቀ በዓይናችን ፊት ቆሞአል፤ የሚመጣው ስላልታወቀ ከጀርባችን ይደርስብናል። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «ወደ ፊት» ባለ ጊዜ የሚመጣውን ዘመን ያመለክታል። ስለዚህ የሚያስታውስ ሰው ፊቱ ወዳለፈው፥ የሚጓዝ ሰው ፊቱ ወደሚመጣው ነው።

እንግዲህ አንድን ሥራ «ወደ ኋላ መመለስ ነው» ብሎ መንቀፍ ብቻውን ፍርድ ይሆናልን? ጎንደር ለዚህ ምስክር ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1622 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ለእርሳቸውና ለኢየሱሳውያን መምህራን ይህ ወደ ፊት መራመድ ነበረ፤ ለብዙው ሕዝብ ግን ከአባቶች መንገድ መውጣት ነበረ። በዚህም ምክንያት ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በ1632 ዓ.ም. ከላስታ ሰዎች ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ንጉሡ የፈሰሰውን ደም አይተው ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዘውዱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

ያ መመለስ ወደ ኋላ ነበረን? በሃይማኖት ወደ ጥንቱ የተመለሱት ፋሲለደስ በመናገሻ ነገር ወደ ጥንቱ አልተመለሱም። ለብዙ ዘመን ነገሥታት ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዛወሩ ነበረ፤ እርሳቸው ግን በ1636 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈረቈሩ፤ ከተማይቱም ሁለት መቶ ዓመት ያህል የመንግሥት መቀመጫ ሆነች። ኢየሱሳውያንን ማስወጣታቸው ደግሞ ለሕዝቡ ሰላም ሲያስገኝ፥ ከፈረንጅ አገር ጋር የነበረውን በር አጠበበ። በአንድ መመለስ ውስጥ የተጠገነም የተዘጋም ነገር ነበረ።

በዘመናችን አንዱ ሌላውን «ኋላ ቀር» ሲል፥ ሌላውም «የአባቶቹን የረሳ» ሲለው እንሰማለን። ሁለቱም አቅጣጫውን ብቻ ተናገሩ እንጂ ነገሩን ገና አልመረመሩም። አስተዋይ ሰው የሚጠይቀው፥ ይህ ሰው የሚመለሰው ወደ ምን ነው፥ ምንስ ይዞ ይመለሳል፥ በመንገዱስ ላይ ማን ይጐዳል ብሎ ነው። ይህ ሳይጠየቅ ስለ አቅጣጫ ስም ብቻ ሲከራከሩ ደም እንደሚፈስ፥ የሱስንዮስ ዘመን በፊታችን ቆሞ ያስተምራል።