የግሸን በር

ግሸንን ከሩቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ግንቡን ነው። የነገሥታት ልጆች የተጠበቁበት አምባ ነውና ዓይን የተካበ ነገር ይሻል፤ ፋሲል ጎንደር ላይ በድንጋይና በኖራ እንዳቆመው ያለ ቅጥር፣ ያለ ማማ። እዚህ ግን ያለው ገደል ነው። ዙሪያውን ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ጉም ውስጥ ይገባል። ግንበኛ አልነካውም፤ ንጉሥም አላሠራው። ተሠርቶ ቆይቶ ነበር የተገኘው።

መኪና ከአምባው ሥር ያወርዳል፤ የመጨረሻው ዳገት በእግር ነው። የሚወርዱት ለሚወጡት ጥግ ይይዛሉ። «አብሽሩ፣ ደረሳችሁ» ይላሉ፤ በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም ደካማን የሚያበረታበት ቃል ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ወሬ ይቀንሳል፣ መንገዱ ይጠባል። ከዚያ በሩ ይመጣል።

በሩ አንድ ነው። ብዙ ሰው ተሳልሞት ያልፋል፤ እኔ ግን ጥግ ይዤ ቆየሁ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እጅ እንዳደገ የሚነገርለት ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ነገሠ። ከእሱ በኋላ ዘሩ በዛ፤ ዙፋኑ ግን አንድ ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ ልጆች በዚህ በር እየገቡ አምባው ላይ ተቀመጡ። አገቡ፣ ወለዱ፤ ልጆቻቸውም እዚያው አደጉ። እዚያ የተወለደ ሕፃን ደመናን ከላይ ቁልቁል እያየ፣ የሚበርን ጭልፊት በጀርባው እያወቀ ያድጋል። ወንዙን ያየዋል፤ አይጠጣውም። የእርሻው ቀለም በመስከረም ቢጫ ሲሆን፣ በጥር ሲገረጣ ያውቃል፤ አፈሩን ግን ረግጦት አያውቅም።

ሊያዩት የመጡ እንግዶችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1520 ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በግርጌው አለፈ፤ በድንጋይ መባረሩንም ጻፈ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ እያማረ ሄደ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ፣ እ.ኤ.አ. በ1759፣ ልዑል ራስላስን ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ውስጥ አስቀመጠው፤ ሲራክ ኅሩይም መጽሐፉን ወደ አማርኛ መለሱት። በተረት ውስጥ ልዑሉን ያሰለቸው ደስታ ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ግን ሰው የሚያስበው ስለ ደስታ አይደለም፤ ከውስጥ ሆኖ ይህን ድንጋይ በየቀኑ ማየት ምን እንደሚመስል ነው።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ዘርዓ ያዕቆብ ነበር። በ1426 ዓ.ም. ለንግሥ ተጠርቶ ወረደ። ከዚያ የሆነውን ሳስብ ነው ዝም የምለው። በአባቱ በዳዊት ዘመን የመጣው ግማደ መስቀል ማረፊያ ሲፈለግለት፣ መጽሐፈ ጤፉት እንደሚተርከው፣ ንጉሡ አገሩን ዞሮ ያገኘው መስቀለኛ ቦታ ይህ አምባ ሆነ። እሱ አምባውን ያውቀው ነበር። መስቀለኛነቱን በካርታ አላየውም፤ ጠርዝ ጠርዙን በሄደ እስረኛ እግር ሳይለካው አይቀርም። ሌላ ሰው የታሰረበትን ስፍራ ሊረሳ፣ ሊያስረሳም ይችል ነበር። እሱ ያለውን ታላቅ ነገር በዚያው በር መልሶ አስገባ።

እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ፤ የመሳፍንቱ መታሰር በኋላ በጎንደር ዘመን ወደ ወህኒ አምባ ዞረ። ግሸን መስቀሉና ማርያም ቀሩለት። ሰው እንዳይወርድበት የተጠበቀው በር ዛሬ በመስከረም 21 የሚወጣውን ሕዝብ ለማስተናገድ ይጠባል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው።

ስመለስ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰዋል፤ በነጠላቸው ጫፍ እምነት ቋጥረዋል። ከኋላቸው ወራጅ ተሰልፏል፤ ማንም አልቸኮለባቸውም።

«እማማ፣ ደከመዎት?»

«አይ ልጄ፤ መውረዱ ነው የሚከብደኝ።»

ድንጋዩን ተሳለሙ፣ ቋጠሮውን ዳሰሱ፣ በትራቸውን አስቀድመው ወረዱ። ጉሙ እስከ ወገባቸው ዋጣቸው፤ ከዚያ ነጠላቸው ብቻ ትንሽ ታየ።