ሕፃናትን በቤት ውስጥ ኀላፊነትን ስለ ማስተማር

ልጅ ከእግዚአብሔር የተሰጠ በረከት መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን በረከት የሆነው ሁሉ አደራም እንደ ሆነ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለጥምቀት ሲቀርቡ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት የሚቆምላቸው፥ ሕፃን ራሱ መናገር ስለማይችል ስለ እርሱ ሆኖ ቃል የሚገባ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የወላጅ ሥራ፥ ሌላው የገባለትን ቃል ልጁ በገዛ ትከሻው እንዲሸከመው ማብቃት ነው። እንግዲህ የሕፃን ትከሻ የሚጸናው በምንድን ነው?

ስለዚህ ነገር እንድናስብ ያደረገን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የምናየው የኑሮ ለውጥ ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ቀድሞ በእነዚህ ስፍራዎች የሚያድግ ሕፃን ጥጃ ይጠብቅ፥ ኩበት ይለቅም፥ ውሃ ይቀዳ ነበር። ጥጃዪቱ ብትጠፋ ማታ የሚጠየቀው እርሱ ስለ ሆነ፥ ኀላፊነት ምን እንደ ሆነ ከቃል አስቀድሞ በሥራ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ከትምህርት የቀረው ልጅ ብዙ ነበርና ያ ዘመን ይመለስ አንልም። ዛሬ ግን ብዙዎች ወላጆች ገና ሳይነጋ ተነሥተው በአውቶቡስና በታክሲ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ሲመሽም ደክመው ይመለሳሉ። ልጃቸውም ከቤት ሠራተኛ ጋራ ይውላል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በቡራዩ ወደ አንድ ምእመን ቤት ለጸሎት ገብተን ነበር። ዕድሜው 7 ዓመት ያህል የሆነ የቤቱ ልጅ የወተት ብርጭቆውን ገፍቶ ጣለው። እናቲቱም ልጅዋን ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ተጣራች። ጨርቅ ይዛ የመጣችው ሠራተኛ ከ12 ዓመት የምትበልጥ አትመስልም ነበር። እርሷ ጎንበስ ብላ ስትጠርግ ሕፃኑ እግሩን እንኳ አላነሣላትም። ጥቂት ቆይታም ያችው ልጅ ውሃ ይዛ መጥታ አስታጠበችን፤ እኛም ማዕዱን ባርከን በላን፤ ምንም ሳንናገርም ወጣን። ይህን የምንጽፈው ያን ቤት ለመንቀፍ አይደለም፤ ዝም ማለታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሚወቅሰን ነው።

በዚያ ቤት የነበሩት ሕፃናት ሁለት ናቸው። አንዱ ፍቅር ሁሉ ተሰጥቶት ሥራ አልተሰጠውም፤ ሁለተኛዪቱ ሥራ ሁሉ ተሰጥቷት ፍቅር አልተሰጣትም። ልጁ ጥፋቱን ሌላ ሰው እንደሚጠርግለት ተምሯል። ነገ አድጎ ወደ ንስሐ ሲጠራ ምን ይል ይሆን? ንስሐ ማለት አስቀድሞ «ይህ ጥፋት የእኔ ነው» ማለት ነውና፥ ያፈሰሰውን ወተት የእኔ ነው ማለት ያልለመደ ልጅ ኀጢአቱን የእኔ ነው ለማለት ይቸገራል።

ምናልባት «ልጅቱስ ሥራ እየለመደች አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሥራ ለምዳለች፤ ነገር ግን ሸክምና ኀላፊነት አንድ አይደሉም። ኀላፊነት አደራ ነው፤ አደራም የሚሰጠው ለሚታመንና ለሚወደድ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፥ ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ፥ ትምህርቱንና ጤናውንም ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን ቅጥር አይመለከትም። የአዋጁ ሥልጣን በደጃፍ ቢቆምም ሕሊና ግን እስከ ጓዳ ይገባል።

ይህ ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፥ ባሮች በሞሉበት በባለጠጋ ቤት የሚያድግ ልጅ ሊሠራው የሚችለውን ሁሉ ራሱ እንዲሠራ፥ እግሩንም ባሪያ እንዳያጥብለት ይመክራል፤ በዚህም ልጁ ለሚያገለግሉት አሳቢ፥ በእነርሱም ዘንድ የተወደደ እንደሚሆን ያስረዳል። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ በኋላ፥ የክርስቲያን ልጅ ሌላዪቱ ሕፃን እግሬን ትጠበኝ ቢል ይህን ከማን ተማረው እንላለን?

ነገር ግን ለሕፃን የሚሰጠው አደራ በልኩ ሊሆን ይገባል። ሳሙኤል ገና ብላቴና ሳለ በእግዚአብሔር ቤት ያገለግል፥ ደጁንም ይከፍት ነበር። እናቱ ሐና በየዓመቱ የምታመጣለት ግን ትንሽ መደረቢያ ነው፤ የካህኑን የዔሊን ልብስ አላለበሰችውም። ኀላፊነትም እንዲሁ በየዓመቱ በልጁ ቁመት ሊለካ ይገባዋል። የ4 ዓመት ልጅ ጫማውን በስፍራው ያኑር፤ ያፈሰሰውን ይጥረግ። የ7 ዓመት ልጅ የበላበትን ሳሕን ያንሣ፤ አልጋውን ያንጥፍ፤ በበዓል ቀን ቄጠማ ይጎዝጉዝ፤ ለነዳያን የሚሰጠውንም እንጀራ በገዛ እጁ ያድርስ። ሥራውን ቢያበላሽ ወላጁ ዳግመኛ ያሳየው እንጂ ነጥቆ አይሥራበት። ስለዚህም ሥራ ገንዘብ አይከፈለው፤ የቤቱ ልጅ እንጂ ምንደኛ አይደለምና። ከሁሉም በላይ አባትና እናት በልጃቸው ፊት «አጠፋሁ» ማለትን አይፈሩ።

በቤታችን ስላለችው ስለ ሌላዪቱ ልጅስ ምን እንበል? በሰበታ ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል መነኮሳይያት ያልወለዷቸውን ወላጅ አልባ ሕፃናት አሳድገዋል፤ ስለዚህ ያልወለዱትን እንደ ልጅ መያዝ አይቻልም የሚል ምክንያት አይኖረንም። ዕድሜዋ ያልደረሰውን ልጅ ከመቅጠር መከልከል ይሻላል። በቤታችን የተገኘችው ግን ትምህርት ቤት ትግባ፤ ከማዕዱ ትቅረብ፤ የቤቱም ልጅ ከእርሷ ጋራ ይሥራ።

እኛም ካህናት ወደ ምእመናን ቤት ስንገባ የሚያስታጥበን ማን እንደ ሆነ ቀና ብለን እንይ። ወደዚያ ቤት ተመልሰን በዚያ ቀን ሳንናገር የቀረነውን በፍቅር ልንናገር ይገባናል፤ ጥፋትን የእኔ ነው ማለትን ለሕፃናት የምናስተምር እኛ፥ ዝምታችንን የእኛ አይደለም ልንል አንችልምና።

የሕፃናት አባት እግዚአብሔር የሰጠንን አደራ በታማኝነት ለመጠበቅ ያብቃን። አሜን።