ታናናሾቻችንን ማን ያሳድግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ታካችን ሰው ከጉንዳን እንዲማር መክሮታል (ምሳ. 6፥6)። እኛም ዛሬ ታናናሽ ነፍሳት ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ እንመልከት።

በ2012 ዓ.ም. አገራችንን ያስጨነቀውን የበረሃ አንበጣ እናስታውስ። እንስቲቱ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በአንድ ጊዜ እስከ 80 የሚደርስ እንቁላል ትቀብርና በአረፋ ደፍናው ትሄዳለች፤ የሚፈለፈለውን ኩብኩባ ዞር ብላ አታየውም። በፎገራ ሜዳ ከብት በዋለበት ስፍራ እበት የምታንከባልለው ጥንዚዛ ግን እንዲህ አይደለችም። እበቱን አድቦልቡላ ከመሬት በታች ትቀብርና በእያንዳንዱ ድቡልቡል አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ ልጇ ሲፈለፈል ስንቁ በዙሪያው ነው። ከጥንዚዛ ወገን ልጆቿ እስኪያድጉ ከጉድጓዱ የማትለይ እናትም አለች።

የሥነ ሕይወት ምሁራን ይህን ልዩነት በዝግመተ ለውጥ ያስረዱታል። ይኸውም ምግብ በቀላሉ በማይገኝበት፣ ጠላትም በሚበዛበት ኑሮ ጥበቃ ያገኙ ልጆች ይበልጥ ስለሚተርፉ የወላጆቻቸው ጠባይ ለትውልድ ይተላለፋል፤ እንክብካቤው ሲጨምርም አብዛኛውን ጊዜ የእንቁላሉ ቁጥር ያንሳል ይላሉ። እኛም አሠራሩን በመረመርን ቁጥር የሠሪውን ጥበብ እናደንቃለን።

ከሁሉ የምታስደንቀን ግን ንብ ናት። የአንበሳሜ ገበሬ በጓሮው ከሰቀለው ቀፎ ውስጥ ንግሥቲቱ አበባ በበዛበት ወራት በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ነገር ግን አንዱንም ልጇን አትመግብም። ታዲያ ማን ያሳድጋቸዋል? ታላላቅ እህቶቻቸው ናቸው። ሠራተኛ ንብ ከሰም ክፍሏ በወጣች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ፣ በጭንቅላቷ ካለው ዕጢ የሚመነጨውን ምግብ ገና ትል ለሆኑት ታናናሾቿ ታበላለች። ወደ አበባ የምትበረው ከዚያ በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ሲሞላት ነው። ራሷ ሳትወልድ እህቶቿን ማሳደጓ ለምሁራን እንቆቅልሽ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ዘመድን የሚረዳ ጠባይ በዘመዱ በኩል ለትውልድ እንደሚተላለፍ አስረዳ።

ወገኖች ሆይ፣ እኛስ? ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመልሰን በመዘምራን ረድፍ ለመቆም ስንሽቀዳደም የሕፃናት ክፍል ልጆች ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ተደርድረው አስተማሪ ሲጠብቁ ቆዩና ወደየቤታቸው ተበተኑ። ይህም የአንድ እሑድ ብቻ አልነበረም። ሳንመግብ ወደ አበባው በረርን። የሥጋ ዘመዶቻችን አይደሉም እንዳንል ከማኅፀነ ዮርዳኖስ ከአብራከ መንፈስ ቅዱስ አብረውን የተወለዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

ንብ ይህን በተፈጥሮዋ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ አትመሰገንም፣ አትወቀስም። ለእኛ ግን ፈቃድ ተሰጥቶናልና እንጠየቅበታለን። ጌታችንም ቅዱስ ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ ከጠየቀው በኋላ የሰጠው አደራ የግልገሎቹን ነው (ዮሐ. 21፥15)።

ስለሆነም ከመጪው እሑድ ጀምሮ እዚሁ ያለን በቋሚነት፣ ለዕረፍት የምንመጣው ደግሞ በየተራ ከዛፉ ሥር እንገኝ። እያንዳንዳችን አምስት አምስት ልጆች ይዘን ስማቸውን እንወቅ፤ ጸሎቱን ከፊደሉ ጋር እናስጠናቸው፤ የቀረውንም ልጅ ቤቱ ሄደን እንጠይቀው። መዝሙሩ ከዚያ በኋላ ይጣፍጣል።

ለዚህ አምላካችን ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።