ቅብና አደራ፦ ጠፊውን ስለ መጠበቅ

ጠፊ ነገርን ከጥፋት መጠበቅ እስከ የት ድረስ ተገቢ ነው የሚለው ጥያቄ የመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን የባሕር ዳር አናጢዎችም ጥያቄ ነው፤ ከዋንዛ የተሠራ ጠረጴዛ ተልጎና ለስልሶ ካለቀ በኋላ የሚቀባው የመጨረሻ ቅብ፣ እንጨቱን ብቻውን ከማይችለው እርጥበት፣ ፍትጊያና እድፍ እንዲጠብቀው የታሰበ ነውና።

በውሃ የሚቀጥን ፖሊዩሬቴን ማለት ይህ ስም የተሰጠው ሰው ሠራሽ ሙጫ እጅግ በደቀቁ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ የተበተነበት ቫርኒሽ ሲሆን፣ ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተቀራርበው በመያያዝ ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። በዘይት እንደሚዘጋጀው ቫርኒሽ ወደ ቢጫነት ስለማያደላ የእንጨቱን መልክ ብዙም ሳይለውጥ ያሳያል። ውሃው ግን የእንጨቱን ቃጫ አንሥቶ ፊቱን ስለሚያሻክረው፣ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል፤ ሲደርቅም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። ጣሳውን ከናጠው አረፋ በሽፋኑ ውስጥ ስለሚቀር በቀስታ ያማስለዋል፤ አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይልቅም በስሱ እየደጋገመ፣ በየመካከሉም እየፈተገ ይቀባል። ሽፋኑ በሰዓታት ውስጥ የደረቀ ቢመስልም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የጣና ዳርቻ አየር በሚርስበት ክረምት ደግሞ ውሃው ለመትነን ይዘገያል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅቡ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም፤ እንጨቱ በክረምት ማበጡን፣ በበጋም መኮማተሩን አይተውም።

በአንጻሩ በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ ከማይነቅዝ እንጨት ተሠርቶ በውስጥም በውጭም በወርቅ እንደተለበጠ ተጽፏል፤ የእሑድ ውዳሴ ማርያምም ይህን ለምሥጢረ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው ለሆነበት ምሥጢር፣ ምሳሌ አድርጎታል። በዚህ ምሳሌ አለመንቀዝ ከላይ የሚሰጥ ጸጋ እንጂ የእጅ ጥበብ ውጤት አይደለም። የአናጢው ቅብ የማይጠፋ አካል አይፈጥርም፤ ሥራው አዳም በገነት ከተቀበለው የመጠበቅ ትእዛዝ ወገን ነው።

ሁሉ ከንቱ ከሆነ ለእንጨት መጨነቅ ምን ይጠቅማል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የጣና ደሴት ገዳማት ኑሮ ለዚህ መልስ አለው። በእነዚህ ገዳማት የግል ሀብትን የተዉ መነኮሳት የማኅበሩን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በዕቃ ቤት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ስለዚህ ባለቤትነትን መተው ጠባቂነትን መተው አይደለም፤ ጥበቃ የሚመነጨውም ከአደራ ነው።

አደራ ግን ለጥበቃው ወሰን ያበጅለታል። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ ሠዓሊ በእንጨት ገበታ ላይ የሣላት ሥዕለ ማርያም በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ትገኛለች። ለጠረጴዛ መልካም የሆነው ፖሊዩሬቴን በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ቢቀባ ጥፋት ይሆናል፤ ከጠነከረ በኋላ በውሃ ስለማይሟሟ፣ እሱን ለማንሣት የሚደረገው መፋቅም ሆነ ብርቱ ኬሚካል ቀለሙን አብሮ ሊያነሣ ይችላልና። የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ተመላሽነት የሚሉት መርሕ፣ ማለትም በቅርስ ላይ የሚጨመር ነገር በተቻለ መጠን ቅርሱን ሳይጎዳ ሊነሣ ይገባል የሚለው ደንብ፣ የመጣው ከዚሁ ስጋት ነው።

የመርሑ ፍሬ ነገር ግን ከኬሚካል ያለፈ ነው። በአንድ ቤት ለሚያገለግል ጠረጴዛ የሚወስነው ባለቤቱ ስለሆነ ቅቡ ቢጸና አይነቀፍም፤ በብዙ ትውልድ እጅ ለሚያልፍ ነገር ግን የዛሬው ጠባቂ ከተረካቢዎቹ አንዱ ብቻ በመሆኑ፣ የሚመጣው ሰው የተሻለ ዕውቀት ቢያገኝ እንዳይሠራበት አስቀድሞ መዝጋት ጥበቃ መስሎ የሚፈጸም ንጥቂያ ነው። ስለዚህ የጥበቃ ተገቢነት የሚመዘነው ነገሩን ለስንት ዘመን በማቆየቱ ብቻ ሳይሆን፣ ለተረካቢው ምን ያህል የመወሰን ነፃነት በመተዉም ጭምር ነው።